የማባበያው ገመድ

ይህን የምጽፈው አንድ ልብስ ሰፊ ለማመስገን ነው። «አመሰግናለሁ» ብሎ መጨረስ ይቻል ነበር፤ ግን እኔ መምህር ነኝ፣ በአጭሩ መናገር አልችልበትም። ደግሞም ሰውየው ምን እንዳደረገልኝ እንዲገባችሁ፣ በመጀመሪያ እኔ ምን ዓይነት ጅል እንደሆንኩ ማወቅ አለባችሁ።

ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ተመድቤ ሐረር ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስለ ኃይልና ስለ ገመድ ውጥረት አስተምራለሁ። ይህችን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ታፍሩብኛላችሁ። የምንኖረው ጀጎል ውስጥ፣ ማለትም በግንብ በታጠረችው በአሮጌዋ ከተማ፣ ሐጃ ዘይቱን የሚባሉ እናት ግቢ ተከራይተን ነው። ባለፈው ዓመት እኔና ባለቤቴ ትዕግስት ሴት ልጅ ወለድን። ስሟ ሶስና ነው። ስትወለድ ሦስት ኪሎ ከምናምን ነበረች፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ኪሎ ድምፅ ሳይሆን አይቀርም።

በጀጎል ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። በእኛ ቤት ልጅ ስታለቅስ ሦስተኛው ግቢ ያለው ሰው ይሰማል፤ መስማት ብቻ ሳይሆን አስተያየትም ይሰጣል። ጠዋት ስወጣ በስም የማላውቃቸው ሰዎች «ቲቸር፣ ሆዷን ነው አይደል?» ይሉኛል። አንዱ ሥጋ ሻጭ እንዲያውም «የትናንቱ ለቅሶ የጆሮ ነው፣ የሆድ እንዲህ አይቀጥንም» ብሎ አርሞኛል።

በዚህ መሐል ነው ማባበያው የመጣው። የትዕግስት የሥራ ባልደረባ ለአራስ ጥየቃ ስትመጣ ይዛው መጣች። አንዱ ፓሲፋየር ይለዋል፣ ሌላው ባዶ ጡጦ፤ እኛ ቤት ስሙ ማባበያ ነው። ወተት የለው፣ ጠርሙስ የለው፤ ጎማው ብቻ። አፏ ውስጥ ስናደርግላት ቤቱ ጭር አለ። ጭር ሲል እኔና ትዕግስት ደንግጠን ተያየን። እጄን አፍንጫዋ ሥር አድርጌ ትንፋሿን ለካሁ። ደህና ናት፤ ትጠባለች፣ ዓይኗን ጨፍናለች፣ እኛ ቤት እንደ ሰው ቤት ሆኗል። በዚያች ቀን ያንን ጎማ የፈለሰፈውን ሰው አግኝቼው ቢሆን እግሩ ላይ እወድቅ ነበር።

ግን ይህ ነገር ለልጅ ደህና ነው ወይ? ጥያቄው በዚያው ሳምንት ተነሳ። ሐረር ውስጥ ሕፃን ታቅፎ የቆመ ወንድ የሕዝብ ንብረት ስለሆነ መልሱም በነፃ መጣ። ሸዋ በር ሚኒባስ ስጠብቅ አንዲት ቲማቲም ሻጭ «ጥርሷን ያገጥጠዋል» አለችኝ። አማቴ ከደብረ ማርቆስ ደውለው «ሆዷ በነፋስ ይሞላል፣ ጣሉት» አሉ። ሐጃ ዘይቱን ደግሞ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ብይን ሰጡ።

«ባዶ ነገር እያስጠቡ ልጅ መሸንገል! ሐራም ነው አልልም፣ አላውቅም። ነውር ግን ነው፣ ወላሂ ነውር ነው።»

ይህን ባሉ በሁለተኛው ቀን፣ ሶስና በሰላት ሰዓት ጩኸቷን ስትለቀው፣ ሰላታቸውን እንደጨረሱ ከክፍላቸው ውስጥ «አንተ ልጅ፣ ያንን ነገር አጉርሳት እንጂ!» ሲሉ ሰማኋቸው። ነውሩ እንደየሰዓቱ ነው ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ጤና ጣቢያው ከቤታችን የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ለክትባት ተመላልሰናል። ሲስተሯ «ጥያቄ አላችሁ?» ብላ ስትጠይቀን ሁልጊዜ «የለንም» ብለን ነው የምንወጣው። ቲማቲም ሻጭ የጠየቅሁ ሰው ሲስተር መጠየቅ አልመጣልኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ማባበያ ይወድቃል። ሥራው መጠባት ሳይሆን መውደቅ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ግቢው አቧራ ላይ ወደቀ፤ አንስቼ አፌ ውስጥ ከተትኩት፣ ጠባሁት፣ ጸዳ ብዬ መለስኩላት። ሐጃ ዘይቱን አይተውኝ ኖሮ «ያ ረቢ! ይሄ ሰውዬ ራሱ ጡት አልጣለም እንዴ?» አሉ። አፍሬ፣ በማግስቱ በሳይንስ ልሥራ ብዬ ድስት ውስጥ ጥጄ ቀቀልኩት። እሱ እስኪፈላ የተማሪዎች ፈተና ላርም ቁጭ አልኩ። ስንት ተማሪ እንደጣልኩ አላስታውስም፤ ቀና ስል ውሃው አልቆ፣ ጎማው ቀልጦ ከድስቱ ጋር አንድ አካል ሆኖ ነበር። ሽታው ግቢውን ሲሞላ ሐጃ ዘይቱን የኤሌክትሪክ ገመድ የተቃጠለ መስሏቸው ቆጣሪውን አጠፉ፤ እስኪመሽ መብራት ሳይኖረን ዋልን።

ሁለተኛውን ከመንገድ ላይ ገዛሁ፣ ላስቲክ ላይ ከተዘረገፈ ዕቃ መሐል። በሁለተኛው ሳምንት ጎማው ከጠርዙ ተሰነጠቀ፤ አንድ ቀን ምስር የምታክል ቁራጭ ደረቷ ላይ ባለው የለሃጭ መጥረጊያ ላይ አገኘሁ። ደረቷ ላይ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ሳይሆን። ዛሬ ምስር ወጥ ሲቀርብልኝ ትዝ ትለኛለች። ያኔ ግን «ርካሽ ዕቃ» ብዬ ወርውሬው አለፍኩ። ሦስተኛውን ትዕግስት ራሷ ከፋርማሲ ገዝታ አመጣችና «ይሄንን ብትጥለው አንተን ነው የምቀቅልህ» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ እሷ የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ቢሮ ገብታ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ለክረምት ስለተዘጋ ልጅ ያዥ ሆኛለሁ። ሶስና አምስት ወሯ ነው። እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ትዕግስት ቤት ስለነበረች፣ ወዳጄ ከድር ቤት በርጫ ተቀመጥን። በርጫ ማለት ጫት እየተቃመ የሚወራበት ቁጭታ ነው። ከድር ልብስ ሰፊ ነው፤ መኪና ግርግር በሚባለው፣ ከሁለት ወገን የልብስ ስፌት መኪና በሚንጫጫበት ቀጭን መንገድ ላይ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ቀጥሎ ስለ ዓለም። ምርቃናው ሲገባ ሁላችንም ዝም አልንና እያንዳንዳችን በየሐሳባችን አገር መምራት ጀመርን። ይህን ጊዜ ነው እኔ የማባበያውን ነገር ያነሳሁት።

«አቦ ቲቸር!» አለ ከድር፣ ዓይኑ እያበራ። «ችግሩ መውደቁ አይደል? እንዳይወድቅ እናስረዋ!»

«ምን ላይ?»

አሁን የሚመጣው ሐሳብ የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው ላይ ልለጥፈው አልችልም። ሶስና በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ያሰርንላት ማተብ አንገቷ ላይ አለ። እሱ ላይ እናንጠልጥለው አልኩ። በርጫው በሙሉ አጨበጨበ። ከድር ግን የሙያ ሰው ነውና አሰበበት።

«ማተቡ ቀጭን ክር ነው፣ ይበጠሳል። ሰኞ አምጣት፤ በሦስት ድርብ ክር ዙሪያውን እሰፋልሃለሁ። በዚህ እጅ ተሰፍቶ የተበጠሰ ነገር ካለ አምጣና አሳየኝ!»

ሰኞ ሄድን። አንገቷ ላይ ማተቧን ተከትሎ የሚዞር፣ ከፊት ለፊቷ ማባበያውን የሚያንጠለጥል ገመድ ሰፋላት። አምሮባታል። የኦርቶዶክስ ማተብ በሙስሊም ልብስ ሰፊ እጅ ሲጠናከር አይቼ፣ «ሐረር ማለት ይህ ነው» ብዬ ልቤ ተነካ። ገመዱን በሁለት እጄ ጎትቼ ሞከርኩት፤ አይበጠስም። ተማሪዎቼን «የማይበጠስ ገመድ የተቀበለውን ኃይል ለማን ያስተላልፋል?» ብዬ የምጠይቅ ሰው፣ ራሴን አልጠየቅሁም።

ማታ ትዕግስት አየችው።

«አንገቷ ላይ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ኢንጂነሪንግ ነው።»

«ቢያንቃትስ? አሁኑኑ ፍታው።»

«የተሰፋ ነው እኮ፣ አይፈታም። ነገ ከድር ጋ እወስደዋለሁ» አልኩ። በዚያች ሌሊት ገመዱን በጭንቅላቷ በኩል አውልቃ፣ ጠዋት «አስፈታው» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔ ግን መንገድ ላይ ሳስብ ሳስብ አንድ ማስታረቂያ አገኘሁ። የሚያንቀው አጭር ገመድ ነው፤ ስለዚህ ማስፈታት ሳይሆን ማስረዘም! ትዕግስትም ደስ ይላታል፣ ማባበያውም አይወድቅም። መልሼ አንገቷ ላይ አጠለቅሁላት።

ከድር አንድ ክንድ ቀጠለበትና ወደ ሥራው ተመለሰ። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ይሰፋ ነበር፤ ቀይ ቬልቬት፣ ጠረጴዛውን አልፎ መሬት ሊነካ የደረሰ። እኔ ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ፣ ከመኪናው አጠገብ፣ ሶስናን ጭኔ ላይ አድርጌ ወሬዬን ያዝኩ። ስለምን እንደማወራ አስታውሳለሁ፤ ስለ ብልህነቴ ነበር። ሶስና ማባበያዋን ተፋችው። ማባበያው እንደ ልማዱ ወደቀ፤ የወደቀው ግን ቬልቬቱ እጥፋት ውስጥ ነው። ጨርቁ ወደ መርፌው ይሄዳል፣ ገመዱም አብሮ ይሄዳል። የከድር መርፌ ገመዱን ከቀሚሱ ጋር ደርቦ ሰፋው። እሱም አላየ፣ እኔም አላየሁ።

ስልኬ ጠራ። ትዕግስት ናት። «ሄሎ» ብዬ፣ በመኪናዎቹ ጫጫታ አልሰማ ሲለኝ፣ ልጅቷን በአንድ እጄ አቅፌ ተነሣሁ።

«ፈታኸው?» ትላለች ትዕግስት።

«አዎ፣ እየተስተካከለ...» ብዬ ስጀምር የሆነ ነገር ወደ ታች ያዘን። ቀና ለማለት ጎተትኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጎተትኩ። ልጄ ድምፅ አላሰማችም። ያቺ ሦስት ግቢ ድረስ የምትሰማ ልጅ አፏን ከፍታ ዝም አለች።

«ተቀመጥ!» አለ ከድር።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌሎችን «ተቀመጡ» ብዬ ሳዝዝ የኖርኩ ሰው ነኝና «ምን ሆንክ አንተ?» አልኩት። በሸሚዜ ኮሌታ ይዞ ወደ በርጩማዋ ደፈቀኝ፤ ገመዱ ላላ። ከዚያ ያንን ትልቅ መቀሱን አነሣ። ገመዱ ቬልቬቱ ውስጥ ስለተቀበረ ጫፉን መፈለግ አላስፈለገውም፣ አልፈለገምም። ስንት ቀን የለፋበትን የሰው የሠርግ ልብስ ከነገመዱ ቀደደው። ከዚያ በሁለት ጣቱ አንገቷ ሥር ገብቶ፣ ዙሪያዋን የሰፋውን፣ አይበጠስም ያለውን ስፌት፣ ቆርጦ ጣለው። ማተቡም አብሮ ተቆረጠ። ይህ ሁሉ አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» የማያስብል ጊዜ ነው የወሰደው። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን ሠራሁ? ስልክ ይዤ ነበር።

ሶስና ሳል ሳል አላት፣ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ድምፅ አወጣች። አቅፌያት ሮጥኩ። ከድር ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ መቀሱ እጁ ላይ እንዳለ ከኋላዬ ሮጠ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። የግንቡ በር ጋ ያገኘነው የባጃጅ ሾፌር መቀስ ጨብጦ የሚሮጥ ሰው ሲያይ ሞተሩን አስነሥቶ ሊያመልጠን ነበር፤ እኔን ብቻ ጫነኝ። ባጃጁ ትንሽ እንደሄደ ልጄ አፏን ከፍታ አለቀሰች። ሾፌሩ «አባብላት እንጂ!» አለኝ። እኔም አብሬያት እያለቀስኩ ነበር።

ጤና ጣቢያ ሲስተሯ አንገቷን አየች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ አፏን ከፍታ በባትሪ ተመለከተች። አንገቷ ላይ ቀይ መስመር ነበር፣ ሌላ ምንም።

«ደህና ናት» አለች። «ግን ትንሽ እዚህ ትቆይ፣ እንያት። ምን ሆና ነው?»

ነገርኳት። እየነገርኳት ድምፄ እየቀነሰ ሄደ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«መምህር።»

«የምን?»

«አማርኛ» አልኩ። ፊዚክስ ብዬ ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ።

ከዚያ ከአምስት ወር በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኋት። «ሲስተር፣ እንግዲህ ይሄ ማባበያ ለልጅ አደገኛ ነው ማለት ነው?»

«ማባበያው ምን አደረገህ?» አለችኝ። «ያነቃት ገመዱ ነው። ጡት በደንብ መያዝ ከለመደች በኋላ ቢሰጣት ችግር የለውም። ስትርባት ግን ጡት እንጂ ጎማ አትስጧት። ከአንድ ወጥ የተሠራ ይሁን፣ ክንፉ ከአፏ የሰፋ፣ እንዳትውጠው። በየቀኑ ሳብ አድርገህ እየው፤ ከተሰነጠቀ ወዲያው ጣለው። በሳሙና እጠበው፤ ያንተ አፍ ውስጥ አይታጠብም። ማር ወይም ስኳር አትቀቡት፤ በተለይ ማር ዓመት ሳይሞላት በጭራሽ። አንገት ላይ ግን ክር አይታሰርም፣ ሪባንም አይታሰርም። እንኳን ሦስት ድርብ!»

«ማተቧስ?»

የራሷን ማተብ በጣቷ ነካ አደረገች። «እስክታድግ እጇ ላይ እሰሩላት፣ ሳታጠብቁ። እግዚአብሔር እጇንም ያያል።»

ትዕግስት በሩን በርግዳ ገባች። ስልኩ ከእጄ ወድቆ ሱቁ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች፤ ወደ ሱቁ ተመልሶ ስልኩን አንሥቶ ወዴት እንደሄድን የነገራት ከድር ነው። አልጮኸችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷን ከእጄ ወሰደች፣ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ አጠባቻት። የሶስና ጉሮሮ ጉክ፣ ጉክ ሲል እሷም እኔም እንሰማለን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በአንዲት ቃል እንኳ አላናገረችኝም፤ ቤት ስንመለስም፣ እራት ሲቀርብም። ሐጃ ዘይቱን መጥተው ልጅቷ ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉላት። ሊወጡ ሲሉ ወደ እኔ ዞረው «አንተንስ ማን ያሳድግህ ይሆን፣ ልጄ?» አሉ።

ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ አምሽቶ፣ በሩ ተንኳኳ። ከድር ነው። ስልኬን ይዞልኛል። ግባ ብንለው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ያን ጊዜ ነው የራሴ ነገር የገባኝ፤ ልጄን ያዳነልኝ ሰው ደህና መሆኗን ሳይሰማ ነው የዋለው። ስልክ እንኳ ተውሼ አልደወልኩለትም።

«ከድር፣ ይቅር በለኝ። ልብሱስ? የሰው ልብስ አስቆረጥኩህ።»

«ተወው አቦ። ሄጄ ለሙሽራዋ እናት ነገርኳቸው፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር። ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ሌላ ጨርቅ አልፈልግም፣ ያንኑ ጠግነው። ልጄ ነፍስ የዳነበትን ልብስ ለብሳ ብትዳር ነው የምወደው› አሉ። የወርቅ ክር አበባ እሰፋበታለሁ።» ቀኝ እጁን ገልብጦ አየው። «ግን ቲቸር፣ እኔ ያንን ገመድ በዚህ እጄ ሰፋሁት። ባጃጁ ይዟችሁ ሲሄድ ድምጿን አልሰማሁም። ያቺ ዝም ያለችው ነገር ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ አለች። መሥራት አቃተኝ፣ ወላሂ።»

«ደህና ናት፤ ተኝታለች» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ግን አልሄደም። እግሩ እምቢ እንዳለው ሰው ቆመ።

ትዕግስት ከተቀመጠችበት ተነሣች። አምስት ወር ሙሉ ያቺን ልጅ ለማስተኛት ያልሞከረችው ዘዴ የለም፤ በእግሯ ጣት ነው ቤቱ ውስጥ የምትሄደው፣ ማንኪያ የጣለ ሰው ወዮለት። ወደ አልጋው ሄዳ ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ ሶስናን አነሣቻት፣ ውስጥ እግሯን ኮርኮር፣ ኮርኮር አደረገቻት። ልጅቷ አንድ ዓይኗን ከፈተች። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ አፏን።

እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ! ከድር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላወቅሁም። ከወዲያኛው ክፍል ሐጃ ዘይቱን «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ይላሉ። ማባበያው ታጥቦ፣ ያለ ገመድ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ማናችንም እጃችንን ወደ እሱ አልሰደድንም።

ትዕግስት እየጮኸች ያለችውን ልጅ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ዓይኔን አየችኝ፣ ረጅም ጊዜ።

«ያዛት» አለችኝ።

በሁለት እጄ ያዝኳት።